ትምባሆ፣ ቅጣትና ትምህርት ቤት፦ የተማሪዎች ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በታሪክ ዓይን ሲታይ

መግቢያ

በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የኩሌ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በግንቦት ወር 2006 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የተቀሰቀሰውን ጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩት አብዛኞቹ ነዋሪዎች የኑዌር ተወላጆች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸውም እጅግ የሚበዙት ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። በዚህ አካባቢ በሕክምና ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአካባቢው ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚያስተምር ሰው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባ። ሕመም አልነበረውም። ከኪሱ አንዲት ጣት የምታህል፣ ደማቅ ቀለም የተቀባች የፕላስቲክ ዕቃ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ስትሸተት የከረሜላ ሽታ አላት። ከአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የተነጠቀች ናት። ልጁ እንደተናገረው ዕቃዋን ያመጣለት ከጁባ ለጥየቃ የመጣ ዘመዱ ነው።

መምህሩ ሁለት ጥያቄ ነበረው። የመጀመሪያው ዕቃዋ ምንድን ናት የሚል ሲሆን፣ ይህን ለመመለስ አልተቸገርሁም፤ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ በተለምዶ ቬፕ የምትባለው ናት። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከበድ ያለ ነበር። «ዶክተር፣ ነገ የትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ልጁ ይባረር የሚሉ ይበዛሉ። የሕክምና ሙያ በዚህ ላይ የሚለው አለን?» አለኝ። በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያን መልስ ጉድለት ለመሙላት የተደረገ ሙከራ ነው። ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ ትምባሆን ስለ መከልከል፣ ስለ መቅጣትና ስለ መሸጥ አገራችን ረጅም ታሪክ አላት። ስለዚህም መልሱን ከዚያው ታሪክ መፈለግ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቅጣት ዘመን

እንደሚታወቀው ትምባሆ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ከአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳርሷል። የየአገሩ ነገሥታትም ለዚህ እንግዳ ነገር የሰጡት የመጀመሪያ ምላሽ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ ጽሑፍ በራሱ እጅ አዘጋጅቶ አሳተመ፤ ቀረጡንም ከፍ አደረገ። የኦቶማኑ ሱልጣን አራተኛ ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1633 ትምባሆ ማጨስን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። በሩሲያም በዚያው ዘመን አጫሾች ይገረፉ፣ አፍንጫቸውም ይሰነጠቅ ነበር። ከእነዚህ አገሮች በአንዱም ትምባሆ አልጠፋም። ይልቁንም በሦስቱም ውሎ አድሮ የመንግሥት ገቢ ምንጭ ሆኗል።

በአገራችንም በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት (ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም.) ትምባሆ ማጨስና ሱረት መሳብ በጥብቅ ተከልክሎ ነበር። ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን እንዲቆረጥ ይደረግ እንደ ነበር በዘመኑ አገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ክልከላው ከሃይማኖት ቀናዒነት የመነጨ ነበር፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ማጨስ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ነውር መቆጠሩም ከዚያው ሥር የሚመዘዝ ነው። ይሁን እንጂ ከንጉሠ ነገሥቱ ኅልፈት በኋላ ያ ከባድ ቅጣት አብሯቸው አለፈ፤ ትምባሆ ግን ቀረ። ከዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነገር አለ። ከንፈር የሚቆርጠው ቅጣት ሰዎች ለምን እንደሚያጨሱ አልጠየቀም። የጀመረ ሰው እንዴት ሊተው እንደሚችልም አላመለከተም። ቅጣቱ ጸንቶ የኖረው ቀጪው በዙፋን ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። ዘልቆ የኖረው ከቅጣቱ ይልቅ ማኅበረሰቡ ራሱ ተቀብሎ ያሳደረው ነውር ነው።

ትምባሆ በባሮ ዳር

ይሁንና የሰሜኑ ነውር የአገሪቱ ሁሉ ነውር እንዳልነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። የጋምቤላ ታሪክ ከናይል ተፋሰስ ጋር የተሳሰረ ነው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1904 በጋምቤላ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየተመላለሱ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ሲያራግፉ፣ የምዕራቡን አገር ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህም ሱዳን ነፃነቷን እስከ ተቀዳጀችበት እ.ኤ.አ. 1956 ድረስ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆይቷል። ስለሆነም ኢታንግና አካባቢው ከውጭ የሚመጣ ሸቀጥን በማስተናገድ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ አገር ነው። ዛሬ ያ ቬፕ የመጣበት የጁባ መንገድም ከዚሁ ጥንታዊ የንግድ መሥመር የራቀ አይደለም።

ትምባሆ በኑዌርና በአኝዋክ ማኅበረሰብ ዘንድ ሥር የሰደደ ባህል ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ባካሄደው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ፣ በየደረሰበት ትምባሆ ይጠየቅ እንደ ነበር ደጋግሞ ያነሣል። ዛሬም በመጠለያው መንደሮች ውስጥ ሲያልፉ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች በጥላ ሥር ተቀምጠው ረጅም ፒፓ ሲቀባበሉ ማየት የተለመደ ነው። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችም ጋምቤላ በተለይ በሴቶች የትምባሆ ተጠቃሚነት ጎልቶ የሚታይ ክልል ነው። በአንጻሩ በመላ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት የተጠቃሚዎች ድርሻ 5 በመቶ ሲሆን፣ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ መምህር በሰልፍ ሜዳ ላይ ቆሞ «ትምባሆ የሚጠቀም ሁሉ ባለጌ ነው» ብሎ ቢናገር፣ በኩሌ የሚሰማው ልጅ በቅድሚያ የሚያስበው አያቱን ነው። አያቱን የሚሰድብ ትምህርትም ጆሮ አያገኝም። በሌላ በኩል የአያት ፒፓና የልጅ ልጅ ቬፕ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ፒፓ ቦታና ጊዜ አለው፤ ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚጨስ ሲሆን ጭሱም ከሩቅ ይታያል። ቬፕ ግን በእጅጌ ውስጥ ይደበቃል፤ በመማሪያ ክፍል፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በብርድ ልብስ ሥር ይሳባል። «በቃ» የሚል ሽማግሌ አጠገቡ የለም። ይህ ሲባል ፒፓው ጉዳት የለውም ማለት አለመሆኑን የሙያ ባልደረቦቼ እንደሚረዱልኝ አምናለሁ። የሳንባ ነቀርሳ በሚበዛበት መጠለያ ውስጥ ማንኛውም የትምባሆ ጭስ ተጨማሪ አደጋ ነው።

የገቢ ዘመን

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መንግሥት ለትምባሆ የነበረው አመለካከት ከሥሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቁሞ ማምረቱና መሸጡ በመንግሥት እጅ ገባ። በደርግ ዘመንም በመንግሥት ይዞታነት ቀጠለ። ኒያላና ግስላ የተባሉት ሲጋራዎች በየኪዮስኩ የሚታወቁ ስሞች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻም ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ ከፍ አደረገ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ኩባንያ በአገራችን ያየው የዛሬዎቹን ጥቂት አጫሾች ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። አብዛኛው ሕዝቧ ወጣት በሆነ አገር ገበያው ያለው በነገው ትውልድ ላይ ነው።

የሕግ ዘመን

ሦስተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ከጸደቀው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በቀጣዩ ዓመት ብትፈርምም ያጸደቀችው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 822 ነው። ከሁሉ የላቀው እርምጃ ግን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። አዋጁ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ የትምባሆ ማስታወቂያን አግዷል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። በማሸጊያዎች ላይም በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዟል። ለያዝነው ርእስ ዋነኛው ነጥብ ደግሞ ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ መከልከሉ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም በሲጋራ ላይ የሚጣለውን ታክስ ከፍ አድርጎታል።

እዚህ ላይ በሕጉና በአፄ ዮሐንስ ዘመን ክልከላ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። የጥንቱ ቅጣት ያረፈው በአጫሹ ከንፈር ላይ ነበር። የአሁኑ ሕግ ክንድ በዋነኛነት የሚያርፈው ግን በአምራቹ፣ በአስመጪውና በሻጩ ላይ ነው። ተማሪው በሕጉ መንፈስ ከገበያው ሊጠበቅ የሚገባው ወገን ነው። ይህን ተማሪ ከትምህርት ገበታው የሚያባርር ኮሚቴ ሳያውቀው ከ2011 ዓ.ም. ሕግ ወደ ከንፈር መቁረጡ ዘመን አመለካከት ይመለሳል።

አዲሱ ዕቃና የሌሎች አገሮች ልምድ

ዛሬ የምናውቀውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እ.ኤ.አ. በ2003 የፈለሰፈው ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ ነው። እርሱ ራሱ አጫሽ የነበረ ሲሆን ዓላማውም ሲጋራን የሚተካ መሣሪያ ማግኘት ነበር። መሣሪያው በባትሪ ኃይል ኒኮቲን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪንና ማጣፈጫ የያዘ ፈሳሽ አሙቆ ወደ ተን ይለውጣል። ተኑ እንደ ሲጋራ ጭስ ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ባይሞላውም ንጹሕ አየር አይደለም። ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉ ኬሚካሎችና የብረት ቅንጣቶች ይገኙበታል። ኒኮቲኑ በጨው መልክ ሲዘጋጅ ደግሞ ጉሮሮ ስለማይከረክር ሲጋራ ሞክሮ የማያውቅ ልጅ እንኳ ሳያስለው ከፍተኛ መጠን መሳብ ይችላል።

አሜሪካ የዚህን ውጤት ቀድማ አየች። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ መካከል ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይጠቀሙ የነበሩት 1.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፍላሽ ዲስክ የሚመስለው ጁል የተባለው ምርት በ2015 ገበያ ላይ ዋለ። በ2018 ቁጥሩ 20.8 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 27.5 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት ኢቫሊ የተባለው አጣዳፊ የሳንባ ጉዳት ተከሰተ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ በሆስፒታል የተኙና የሞቱ 2,807 ሰዎች ሲመዘገቡ፣ ከእነርሱ 68ቱ ሕይወታቸው አልፏል። ዋነኛ መንሥኤ ሆኖ የተገኘው በካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረው የቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር።

የትምህርት ቤቶቹ የመጀመሪያ ምላሽ ከነገሥታቱ ምላሽ ብዙ የራቀ አልነበረም። ተማሪዎች ታገዱ፤ ተን የሚለዩ መሣሪያዎች በመጸዳጃ ቤቶች ተተከሉ፤ የመጸዳጃ ቤት በር እስከ መንቀል የደረሱም ነበሩ። እየቆየ ግን የታገደ ተማሪ ቤቱ ተቀምጦ ያለ ተቆጣጣሪ እንደሚያጨስ፣ ከትምህርቱም እንደሚዘገይ ብዙዎች ተገነዘቡ። በእገዳ ፋንታ የምክርና የማቆሚያ ድጋፍ መስጠት የጀመሩት በረከቱ። ድጋፍ እንደሚሠራም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ ቬፕ ተጠቃሚዎች መካከል በስልክ የጽሑፍ መልእክት የማቆሚያ ምክር ያገኙት ከሰባት ወር በኋላ 37.8 በመቶዎቹ ሲያቆሙ፣ ምክሩን ካላገኙት ያቆሙት 28 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተጠቃሚነት ድርሻ ወደ 7.8 በመቶ ወርዷል። ለዚህም የመግዣ ዕድሜ ወደ 21 መነሣቱና በማጣፈጫዎች ላይ የተደረገው ቁጥጥር ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ።

በዓለም ደረጃ ግን ችግሩ እየሰፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ግምት ከ13 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ቢያንስ 15 ሚሊዮን ያህሉ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይጠቀማሉ። ድርጅቱ በ2023 ለትምህርት ቤቶች ባዘጋጀው መመሪያ አራት ነገሮችን ይመክራል። እነርሱም ኒኮቲንና ትምባሆን ከቅጥር ግቢ ማገድ፣ በአካባቢው እንዳይሸጡ መከልከል፣ ማስታወቂያቸውን ማስቀረት፣ ከአምራቾቹም ማንኛውንም ድጋፍ አለመቀበል ናቸው። ከአራቱ አንዱም ልጁን ማባረር አይደለም።

ትምህርት ቤቶች ምን ያድርጉ?

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ለትምህርት ቤቶች ሊሰጥ የሚገባው የመጀመሪያ ምክር ዕቃውን ከልጁ መለየት ነው። ዕቃው ይወረሳል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ልጁ ግን በክፍሉ ይቆያል። በመጠለያ ለሚኖር ልጅ ትምህርት ቤት ፊደል ከመቁጠሪያነት ያለፈ ትርጉም አለው። የቀኑን ሥርዓት የሚያገኝበት፣ አዋቂ የሚያየው፣ ከጦርነቱ ትዝታ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። ብዙዎች ትምህርታቸው በስደት ተቋርጦ ከክፍላቸው ዕድሜ በላይ ሆነው ስለሚማሩ፣ አንዴ የወጣ ልጅ የመመለሱ ነገር አጠራጣሪ ነው። ከቬፕ ሱስ መላቀቅ ይቻላል፤ ያመለጠ ትምህርትን መመለስ ግን እጅግ ይከብዳል።

ሁለተኛው፣ የመጣበትን መንገድ መጠየቅ ነው። ማን ሰጠው? የሚሸጥ ሰው አለን? ሕጉ የከለከለው ንግዱን ስለሆነ ጥቆማው ወደ አስተዳደሩና ወደ ጤና ተቆጣጣሪዎች መድረስ ይኖርበታል። ሆኖም ልጁ ተናዛዥ ሆኖ እንዳይታይ በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ የወላጅን ተሳትፎ ይመለከታል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ የሚጠራው ለክስ ሳይሆን ለምክክር ይሁን። በኑዌር ባህል የሽማግሌ ቃል ትልቅ ክብደት አለው። ፒፓ የሚያጨሱት አያት ራሳቸው «እኔ ይህን ለመተው አልቻልሁም፤ አንተ አትጀምር» ቢሉ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል።

አራተኛው፣ ትምህርቱ ከማስፈራራት የራቀ ይሁን። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ መጀመሪያ ዘመን የአጽምና የራስ ቅል ሥዕል የያዙ ፖስተሮች ፍርሃትንና መገለልን እንዳበዙ ሁላችንም እናስታውሳለን። የተሻለ የሠሩት ተማሪዎች በራሳቸው ቋንቋ የተወያዩባቸው ክበቦችና ሚኒ ሚዲያዎች ነበሩ። ያንኑ ልምድ ለዚህም ማዋል ይቻላል።

አምስተኛው፣ የተወረሰው ዕቃ አይቃጠል። በየቦታው የተያዘ ሺሻና ሌላ ሕገ ወጥ ዕቃ ማቃጠል ተለምዷል፤ የቬፕ ሊቲየም ባትሪ ግን በእሳት ይፈነዳል። ፈሳሹም ለሕፃናት ብርቱ መርዝ ስለሆነ ከእነርሱ እጅ ርቆ፣ ተቆልፎበት ይቀመጥ፤ አወጋገዱም ከጤና ተቋሙ ጋር በመመካከር ይፈጸም።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

እኛ የጤና ባለሙያዎች የማጨስ ታሪክ ስንጠይቅ «ታጨሳለህ?» ማለት ለምዶብናል። ቬፕ የሚስብ ልጅ ለዚህ ጥያቄ «አላጨስም» ብሎ ቢመልስ ዋሸ አይባልም። ስለዚህ ስሙን ጠርተን፣ ወላጅ በሌለበት፣ ያለ ተግሣጽ እንጠይቅ። ምክንያቱ ያልታወቀ ሳል፣ የደረት ማፈን፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ አልፎ አልፎም የሚጥል ሕመም የሌለበት ልጅ ሲንፈራገጥ፣ ኒኮቲን ከምናስባቸው መንሥኤዎች መካከል ይሁን። በክረምት ወባ በሚበዛበት አገር ትውከትን ሁሉ ለወባ መስጠት እንደሚቀናን አንዘንጋ።

ሱሱን በተመለከተም ለመምህራን ልናስረዳ የሚገባን ነገር አለ። የወጣት አእምሮ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየዳበረ ስለሚሄድ ለኒኮቲን ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ያቆመ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይነጫነጫል፣ ትኩረቱ ይበተናል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ሁኔታው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ይህን የማያውቅ መምህር ልጁን በሱሱ ይቅር ብሎት በማቆሙ ምልክት ሊቀጣው ይችላል። ለታዳጊዎች ኒኮቲን ተክተው የሚሰጡ መድኃኒቶች ውጤታማነት ማስረጃው ውሱን ነው፤ በገጠር ተቋሞቻችንም እንደ ልብ አይገኙም። ስለሆነም ዋናው መሣሪያችን ምክርና ተከታታይ ቀጠሮ ነው። ከሱሱ ጀርባ ድብርት፣ ጭንቀት ወይም የጦርነት ሰቆቃ መኖሩንም መመርመር የእኛ ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

በማግስቱ መምህሩን ተከትዬ ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ሄድሁ። የተናገርሁት ከላይ ከጻፍሁት ጥቂቱን ብቻ ነበር። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «ዛሬ ከማርነው ነገ አሥር ይሆናሉ» ያሉት አንድ አባት ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ እኔም ከንቱ ነው አላልሁም። በመጨረሻ ዕቃዋ ተወርሳ፣ ልጁ በየሳምንቱ ወደ ጤና ተቋሙ እየመጣ ትምህርቱን እንዲቀጥል ተወሰነ። ሦስት ጊዜ መጣ፤ በአራተኛው ሳምንት ቀረ። ለመምህሩ ስልክ ደውዬ ስጠይቅ «ክፍል ውስጥ ነው» አለኝ። ቬፑን ፈጽሞ ይተው አይተው እርግጠኛ መሆን አልችልም። ተፈልጎ የሚገኝበትን ስፍራ ግን አውቅ ነበር። ቢባረር ኖሮ ያን እንኳ አላውቅም ነበር።

አፄ ዮሐንስ የቆረጡት ከንፈር ትምባሆን ከአገሩ አላስወጣውም። አዲሱ ሕጋችን መንገዱን ወደ ሻጩ አዙሯል። ትምህርት ቤቶቻችንም በዚያው መንገድ እንዲጓዙ ማገዝ የሕክምና ሙያ ድርሻ ነው፤ ለዚህም ኮሚቴው ውሳኔውን ከማሳለፉ በፊት ልንገኝ ይገባል።